የስኳር ሕመምን የሚያረግበው ቀዶ ሕክምና ለማን ነው?

ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የጨጓራ ባይፓስ የሚባለው ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በቀናት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ በደሙ ውስጥ ያለው የስኳር መጠን መውረድ ይጀምራል። ለዓመታት በየቀኑ ኢንሱሊን ሲወጋ የኖረ ታካሚ መጠኑ በግማሽና ከዚያም በላይ ሊቀነስለት፣ አንዳንዱም ጭራሹን ሊቆምለት ይችላል፤ ነርሶቹ በየጥቂት ሰዓቱ ጣቱን ወግተው የሚለኩትም ስኳሩ ከልክ በላይ እንዳይወርድበት ጭምር ነው። ክብደቱ ግን በዚያ ጊዜ ገና የሚወራለት ያህል አልቀነሰም። ውፍረትን ለመቀነስ የተጀመረ ቀዶ ሕክምና የስኳር ሕመም ሕክምና ተብሎ መጠራት የጀመረው ስኳሩ ከክብደቱ ቀድሞ መውረዱ የብዙ ሐኪሞችን ትኩረት በመሳቡ ነው።

ዛሬ የሚያከራክረው ጉዳይ ቀዶ ሕክምናው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው አይደለም። በዕጣ በተመደቡ ታካሚዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተደጋግሞ ስለታየ በዚህ ላይ ያለው መግባባት ሰፊ ነው። ክርክሩ ያለው ለማን፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ነው፤ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ደግሞ የሕክምናው አሠራር ከማስረጃው ጋር እስካሁን በደንብ አልተገናኘም። ታካሚዎች ለቀዶ ሕክምናው የሚመረጡት በዋነኛነት በውፍረታቸው ልክ ሲሆን፣ ስኳራቸው ረግቦ መቆየት አለመቆየቱን የሚወስነው ግን በአብዛኛው ቆሽታቸው ኢንሱሊን ለማመንጨት የቀረው አቅም ነው። ሁለቱ መለኪያዎች ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ባይፓስን ከመጠን ላለፈ ውፍረት ሕክምና ያዋሉት ያኔ ነበር። በስኳር ሕመም ላይ ያለውን ውጤት ጎልቶ እንዲታይ ያደረጉት ግን በሰሜን ካሮላይና ይሠሩ የነበሩት ቀዶ ሐኪም ዋልተር ፖሪስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ባይፓስ የተሠራላቸውን 608 ሰዎች እስከ 14 ዓመት ተከታትለው ባወጡት ዘገባ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የስኳር ሕመም ከነበረባቸው 146 ታካሚዎች የ121ዱ ስኳር ወደ ጤናማ መጠን ተመልሶ መቆየቱን አሳዩ። ከመቶ 83 መሆኑ ነው። የስኳር ሕመም እያደር እየከፋ የሚሄድ፣ መድኃኒት እየተጨመረበት የሚታከምና ወደኋላ የማይመለስ ሕመም ነው ተብሎ ይታመን በነበረበት ዘመን ይህ ቁጥር ብዙዎችን አላሳመነም፤ ለማወዳደሪያ የሚሆን ቀዶ ሕክምና ያልተደረገለት ቡድን ስላልነበረው ጥርጣሬው ተገቢ ነበር።

ውጤቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ሕመሙን በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም የሁለት ችግሮች ድምር ነው። አንደኛው ጡንቻ፣ ጉበትና የስብ ሕዋሳት ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ መዳከሙ ሲሆን፣ በዚህም ምክንያት ጉበት ሰውነት በማይፈልገው ሰዓት ሁሉ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ሁለተኛው ቆሽት ይህንን ለማካካስ ተጨማሪ ኢንሱሊን ሲያመነጭ ቆይቶ ቤታ የተባሉት ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ መድከማቸው ነው። የመጀመሪያው ችግር ከውፍረት፣ በተለይም በጉበትና በሆድ ዕቃ ከሚከማች ስብ ጋር በእጅጉ የተያያዘ ስለሆነ ስቡ ሲቀንስ አብሮ ይሻሻላል። ሁለተኛው ግን የጊዜ ጉዳይ ነው፤ የደከሙ ሕዋሳት ሸክሙ በጊዜ ከቀለለላቸው ሊያገግሙ ሲችሉ፣ ለረጅም ዓመታት ከተጎዱ በኋላ የሚመለሱበት ዕድል ጠባብ ነው።

በባይፓስ ቀዶ ሐኪሙ በሆድ ላይ በተከፈቱ ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ የጨጓራውን የላይኛውን ጫፍ ከቀረው ክፍል ይለየውና 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ የምትይዝ ከረጢት ያደርጋታል። ከዚያም ትንሹን አንጀት ቆርጦ የታችኛውን ጫፍ ሽቅብ ስቦ ከዚህች ከረጢት ጋር ይሰፋዋል። ምግብ ከዚያ በኋላ የሚያልፈው አብዛኛውን ጨጓራና ከእሱ ቀጥሎ ያለውን የአንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ነው። የተዘለለው ክፍል ተቆርጦ አይጣልም፤ በውስጡ የሚወርዱት የሐሞትና የቆሽት ፈሳሾች ዝቅ ብሎ በሚደረገው ሁለተኛ ስፌት በኩል ከምግቡ ጋር ይገናኛሉ። ስሊቭ የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት ከዚህ ይቀላል፦ ከጨጓራው ከመቶ 80 የሚሆነው በቁመቱ ተቆርጦ ከሰውነት ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ የመሰለ ክፍል ነው፤ አንጀቱ አይነካም። በዓለም ላይ አሁን በብዛት የሚሠራው ስሊቭ ነው፤ የተቆረጠው ጨጓራ ግን ተመልሶ አይተካም። በጨጓራ ላይ ቀለበት የማጥለቁ ዘዴ እየተተወ ሲሆን፣ አብዛኛውን የትንሹን አንጀት ክፍል የሚያዘልለው የሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ማስቀየሪያ ቀዶ ሕክምና ደግሞ በስኳር ላይ ከሁሉም የበረታ ውጤት ቢኖረውም ለከፋ የንጥረ ነገር እጥረት ስለሚያጋልጥ የሚሠራው ለጥቂቶች ነው።

ስኳሩ ከክብደቱ ቀድሞ ለምን ይወርዳል የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። አንዱ ወገን ምስጢሩ አንጀቱ ላይ ነው ይላል። ምግብ በፍጥነት ወደ ታችኛው የአንጀት ክፍል ሲደርስ ጂኤልፒ-1 የተባለው ሆርሞን ከበፊቱ በብዙ እጥፍ ይመነጫል፤ ይህ ሆርሞን ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያነሳሳል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳል። የሐሞት አሲዶች ዝውውርና የአንጀት ባክቴሪያዎች ስብጥርም ይለወጣሉ። ፍራንቸስኮ ሩቢኖ የተባሉት ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሙከራ፣ ውፍረት ሳይኖርባቸው በዘር የስኳር ሕመም ባለባቸው ጎቶ-ካኪዛኪ የሚባሉ አይጦች ላይ የአንጀቱን መጀመሪያ ክፍል ብቻ በማዘለል ስኳራቸው መሻሻሉን አሳዩ። የአይጦቹ ክብደት ለውጡን ሊያስረዳ ስለማይችል ውጤቱ የአንጀት ወገኑን ክርክር አጠናከረ።

ሌላው ወገን መልሱ ከዚህ የቀለለ ነው ይላል፤ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፈሳሽ በስተቀር ምንም ስለማይወስድ ጉበቱ ውስጥ ያለው ስብ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ያለ ቀዶ ሕክምናም ቢሆን ምግቡን በዚያው ልክ የቀነሰ ሰው ስኳሩ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። ይህንን በጥንቃቄ ከፈተሹት አንዱ በሴንት ሉዊስ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ነው። ተሳታፊዎቹ 22 ብቻ ቢሆኑም አቀራረቡ ጥሩ ነበር፦ ገሚሶቹ በባይፓስ፣ ገሚሶቹ በአመጋገብ ብቻ፣ ሁሉም ከክብደታቸው ከመቶ 18 ገደማ እስኪቀንሱ ከተጠበቀ በኋላ የኢንሱሊን ምላሻቸውና የቆሽታቸው አሠራር ተለካ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። በእኔ ግምት ይህ ግኝት የአንጀት ሆርሞኖችን ሚና አይሽርም፤ የሚገኝበትን ቦታ ግን ያመላክታል። ሆርሞኖቹ ሰውየው ብዙ ሳይራብ ያን ያህል ክብደት እንዲቀንስና ቀንሶም እንዲቆይ ያደርጉታል፤ ስኳሩን በአብዛኛው የሚያሻሽለው ደግሞ የክብደቱ መቀነስ ነው። በአመጋገብ ብቻ ከመቶ 18 ቀንሶ በዚያው ለዓመታት መዝለቅ ለአብዛኛው ሰው የማይቻል ስለሆነ፣ ልዩነቱ በቤተ ሙከራ ቢጠፋም በኑሮ ውስጥ ይታያል።

ወደ ውጤቱ እንምጣ። በክሊቭላንድ ክሊኒክ በቀዶ ሐኪሙ ፊሊፕ ሻወር መሪነት የተካሄደው ጥናት ስኳራቸው ከቁጥጥር የወጣ 150 ታካሚዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈለ፦ ጠንካራ የመድኃኒት ሕክምና ብቻ፣ መድኃኒትና ባይፓስ፣ መድኃኒትና ስሊቭ። ግቡ ታካሚዎች «የሦስት ወር ስኳር» እያሉ የሚጠሩትን፣ ያለፉትን ሳምንታት አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ወደ ከመቶ 6 ወይም ከዚያ በታች ማውረድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የአንድ ዓመት ውጤት ግቡን የመቱት ከመድኃኒት ቡድኑ ከመቶ 12፣ ከባይፓሱ 42፣ ከስሊቩ 37 ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተላቸው ወደ 5፣ 29 እና 23 ወረዱ።

እነዚህን ቁጥሮች ከሁለት አቅጣጫ ማንበብ ይቻላል፤ ሁለቱም ንባቦች ትክክል ናቸው። ቀዶ ሕክምናው በየትኛውም ጊዜ ቢለካ ከመድኃኒት ብቻው የተሻለ ነው። በዚያው ልክ ግቡን የሚመቱት ሰዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት ይመናመናል፤ በአምስተኛው ዓመት ላይ ባይፓስ ከተሠራላቸው ከአሥሩ ሰባቱ ግቡ ላይ አልነበሩም። ከሮም የወጣው የጀልትሩዴ ሚንግሮኔና የባልደረቦቻቸው ጥናትም ተመሳሳይ አካሄድ አለው። በጥናቱ የተካተቱት 60 ሰዎች ሲሆኑ፣ በሁለት ዓመት ባይፓስ ከተሠራላቸው ከመቶ 75ቱ ስኳራቸው ያለ መድኃኒት ረግቦ ተገኝቶ ነበር፤ በአሥር ዓመት ግን ረግቦላቸው የቆዩት ከመቶ 25 ናቸው። በአሜሪካ የተካሄዱ አራት ጥናቶችን 262 ተሳታፊዎች አንድ ላይ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ረጅም ክትትል ደግሞ በሰባተኛው ዓመት ስኳራቸው የረገበላቸው ከቀዶ ሕክምናው ቡድን ከመቶ 18.2፣ በመድኃኒትና በአኗኗር ለውጥ ብቻ ከታከመው ቡድን ከመቶ 6.2 መሆናቸውን፣ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ደግሞ ቁጥሩ 12.7 እና ዜሮ መሆኑን አሳይቷል።

በማስታወቂያና በማኅበራዊ ሚዲያ «ስኳርን የሚያድን ኦፕሬሽን» እየተባለ የሚነገረው ነገር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የስኳር ሕመም ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ በደረሱበት ስምምነት መሠረት አንድ ሰው ሕመሙ ረግቦለታል የሚባለው ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት ካቆመ ቢያንስ ሦስት ወር አልፎት የሦስት ወር ስኳሩ ከመቶ 6.5 በታች ሲሆን ነው። ይህ የዛሬ ሁኔታው መግለጫ ነው፤ የወደፊቱ ዋስትና አይደለም። የሕመሙ ዝንባሌ በሰውየው ውስጥ እንዳለ ስለሆነ ክብደቱ ሲመለስ፣ አንዳንዴም ሳይመለስ፣ ስኳሩ ሊመለስ ይችላል።

ሆኖም ስኳሩ ለተመለሰበት ሰው ቀዶ ሕክምናው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በቀዶ ሕክምና የታከሙና ያልታከሙ በጠቅላላው ከ4,000 በላይ ሰዎችን ሲከታተል የኖረው የስዊድን ጥናት ይህን ለማየት ያስችላል። በዚያ ጥናት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው የስኳር ታካሚዎች በሁለተኛው ዓመት ስኳራቸው ረግቦ የተገኙት ከመቶ 72 ሲሆኑ በአሥራ አምስተኛው ዓመት ወደ 30 ወርደዋል፤ ይሁን እንጂ በዓይን፣ በኩላሊትና በነርቭ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ላይ ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። የስኳር ሕመም ሰውን የሚጎዳው በጊዜ ብዛት የትናንሽ የደም ሥሮችን ግድግዳ እያበላሸ ስለሆነ፣ ስኳሩ ለአምስት ወይም ለስምንት ዓመት ዝቅ ብሎ መቆየቱ ለዓይኑና ለኩላሊቱ የሚቆጠር ትርፍ ነው። በ2024ቱ ክትትልም በሰባት ዓመት ውስጥ የሦስት ወር ስኳሩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ1.6 ነጥብ ሲወርድ በሌላው ቡድን የወረደው በ0.2 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ያውም የቀዶ ሕክምናው ቡድን የሚወስደው መድኃኒት ያነሰ ሆኖ ሳለ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ ማን ይጠቀማል? በተደጋጋሚ የታየው ነገር ሕመሙ ከተገኘበት ጥቂት ዓመት ብቻ ያለፈው፣ ኢንሱሊን ያልጀመረ፣ በአንድ ወይም በሁለት መድኃኒት ስኳሩ የሚያዝ ሰው ስኳሩ ረግቦ የመቆየት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ ነው። ሕመሙ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየበት፣ ብዙ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል። ምክንያቱ ቀደም ብሎ የተጠቀሰው የቆሽት አቅም ነው። ይህንንም በቀጥታ የሚያመለክት ሲ-ፔፕታይድ የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ቆሽት ኢንሱሊን ባመነጨ ቁጥር በእኩል መጠን የሚለቀቅ ቅሪት ስለሆነ፣ በመርፌ ከሚገባው ኢንሱሊን ተለይቶ የሰውየው ቆሽት በራሱ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። ዕድሜን፣ የኢንሱሊን አጠቃቀምን፣ የሦስት ወር ስኳርንና የመድኃኒት ዓይነትን ደምረው ዕድሉን በነጥብ የሚገምቱ መለኪያዎችም ወጥተዋል። ክብደት በእነዚህ መለኪያዎች ውስጥ ያለው ቦታ አነስተኛ ነው፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ጭራሽ የለም።

ለቀዶ ሕክምናው በር የሚከፍተው ግን ክብደት ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ምክር ቀዶ ሕክምናውን የፈቀደው ቢኤምአይ የሚባለው፣ ክብደትን በኪሎ ለቁመት በሜትር ስኩዌር በማካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ወይም 35 ሆኖ ከባድ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት ሰው ነበር። ምክሩ የወጣው ቀዶ ሕክምናው ሆድ በሰፊው ተከፍቶ በሚሠራበት፣ አደጋውም ከዛሬው በብዙ በሚበልጥበት ጊዜ ሲሆን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የብዙ አገሮች መመሪያና የመድን ድርጅቶች መስፈርት መሠረት ሆኖ ቆይቷል።

ሁለት ታካሚዎችን በምናብ እናስቀምጥ። አንዱ የ61 ዓመት ሰው ነው፤ ቢኤምአዩ 42፣ ሕመሙ ከያዘው 17 ዓመት፣ በቀን ከ100 ዩኒት በላይ ኢንሱሊን ይወጋል፤ ሲ-ፔፕታይዱ ዝቅተኛ ነው። ሌላዋ የ39 ዓመት ሴት ነች፤ ቢኤምአይዋ 33፣ ሕመሙ ከተገኘባት ሦስት ዓመት፤ ሜትፎርሚንና አንድ ሌላ ክኒን ትወስዳለች፤ የሦስት ወር ስኳሯ ግን ከመቶ 8 አልወርድ ብሏታል። በድሮው መስፈርት ቀዶ ሕክምናው ለእርሱ ይፈቀዳል፣ ለእርሷ ይከለከላል። ስኳሩ ረግቦ የመቆየት ዕድል ግን የእርሷ ከእርሱ በብዙ ይበልጣል። እርሱም ቢሆን አይጠቀምም ማለት አይደለም፤ ኢንሱሊኑ ሊቀንስ፣ የደም ግፊቱ ሊሻሻል፣ መንቀሳቀስ ሊቀልለው ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናው ሲነገረው ግን ሊጠብቅ የሚገባው ውጤት ለእርሷ ከሚነገራት የተለየ መሆን አለበት። በምክር ክፍል ውስጥ ለሁለቱም አንድ ዓይነት አማካይ ቁጥር መንገር ሁለቱንም ማሳሳት ነው።

መመሪያዎቹ ይህንን እያዩ መለወጥ ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ላይ የተሰበሰቡ የስኳር ሕመምና የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ስኳሩ በመድኃኒት ላልተያዘለት ሰው ከቢኤምአይ 30 ጀምሮ ቀዶ ሕክምናው እንዲታሰብ መከሩ፤ በብዙ አሥር የሚቆጠሩ የሙያ ማኅበራትም ደገፉት። የአሜሪካና የዓለም አቀፍ የውፍረት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2022 የ1991ዱን ምክር ሲተኩ ከ35 በላይ ለሆነ ሁሉ፣ ከ30 በላይ ሆኖ የስኳር ሕመም ላለበት ደግሞ መከሩት፤ በአነስተኛ ክብደትም ቢሆን ለስኳር ሕመም ለሚጋለጡት የእስያ ተወላጆች ገደቡን ወደ 27.5 አወረዱት። ይህ እርምጃ ትክክል ይመስለኛል፤ ግን አሁንም በሩን የሚከፍተው ክብደት ነው፤ የሕመሙ ዕድሜና የቆሽቱ አቅም የሚጠየቁት ከበሩ በኋላ ነው። ብዙ ሐኪሞች ደግሞ ታካሚውን ወደ ቀዶ ሐኪም የሚልኩት መድኃኒቱ ሁሉ ተሞክሮ ኢንሱሊኑም ካልበቃ በኋላ፣ ማለትም ቆሽቱ ካለቀ በኋላ በመሆኑ፣ ቀዶ ሕክምናው በብዛት የሚደርሰው ብዙም ሊያደርግለት ለማይችለው ሰው ነው።

ዋጋውን ሳይናገሩ ይህን ሁሉ ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ልምድ ባላቸው ማዕከላት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ የሚሞተው ከ1,000 ሰው ከሦስት አይበልጥም፤ ይህም ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ብዙም አይርቅም። መድማት፣ የስፌት መፍሰስና የደም መርጋት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚፈሩት ናቸው። ከእነዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባሉት የዓመታቱ ችግሮች ናቸው። ባይፓስ የተሠራለት ሰው ብረት፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በበቂ መጠን ስለማይመጥጥ ተጨማሪ ቫይታሚንና ማዕድን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ ካልወሰደ የደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳትና የነርቭ ጉዳት ይከተላሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለማቋረጥ የሚያስታውከው ሰው ቫይታሚን ቢ1 በፍጥነት ያልቅበትና አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል፤ መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ሆኖ ሳለ ሳይታወቅ ሲቀር ጉዳቱ ቋሚ ይሆናል። ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹ የሕመም ማስታገሻዎች በስፌቱ ላይ ቁስለት ስለሚያመጡ ከባይፓስ በኋላ ይከለከላሉ፤ ማጨስም እንዲሁ።

ከቀዶ ሕክምናው አንድ ዓመት ገደማ በኋላ የሚጀምር፣ ለስኳር ታካሚ የሚገርም ሌላ ችግርም አለ። ምግብ ከተበላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ ስኳር ከመጠን በላይ ይወርዳል፤ ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል። አልኮልም ከባይፓስ በኋላ በፍጥነት ወደ ደም ስለሚገባ የሱሰኝነት ስጋቱ ይጨምራል። ራስን የመጉዳት ስጋት በጥቂቶች ላይ ከፍ ብሎ ስለታየ የአእምሮ ጤና ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም የሚደረገው ለወጉ ያህል መሆን የለበትም። ልጅ የመውለድ ዕቅድ ያላት ሴት ደግሞ ክብደቷ እስኪረጋ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል እንድትቆይ ትመከራለች።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ምርጫም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በኖርዌይ በ109 የስኳር ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ባይፓስንና ስሊቭን ሲያነጻጽር፣ በአንድ ዓመት ስኳራቸው የረገበላቸው ባይፓስ ከተሠራላቸው ከአራት ሦስቱ ገደማ ሲሆኑ ስሊቭ ከተሠራላቸው ከግማሽ ጥቂት ያነሱ ነበሩ። ስሊቭ ለቀዶ ሐኪሙ ይቀላል፣ የንጥረ ነገር እጥረቱም ያነሰ ነው፤ የጨጓራ አሲድ ሽቅብ መመለስን ግን ሊያባብስ ይችላል። የዓለም ልማድ ወደ ስሊቭ ማዘንበሉ ከስኳር አንጻር ሲታይ የተሻለውን ምርጫ የተከተለ አይመስለኝም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚደረጉ ሁለት ነገሮች ቸል ይባላሉ። አንዱ ሰውየው በእርግጥ ዓይነት ሁለት መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ በጎልማሳነት ቀስ ብሎ የሚጀምር የዓይነት አንድ መልክ አለ፤ ያንን በፀረ-አካል ምርመራ ሳይለዩ ኢንሱሊን ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። ሁለተኛው ስኳርን በሽንት እንዲወጣ የሚያደርጉትን፣ ስማቸው በ«ግሊፍሎዚን» የሚያልቀውን ክኒኖች ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ማቆም ነው፤ ሳይቆሙ ከቀሩ የስኳር መጠን ብዙ ሳይጨምር ደም አሲድ የሚሆንበት አደገኛ ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል።

ሰማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ የተባሉት መርፌዎች መምጣታቸው ጉዳዩን አወሳስቦታል። እነዚህ መድኃኒቶች ቀዶ ሕክምናው የሚያበዛውን የጂኤልፒ-1 ሆርሞን የሚመስሉ ናቸው፤ ቲርዜፓታይድ ሁለተኛ ሆርሞንም ይጨምራል። ቀዶ ሕክምናው ባያሳይ ኖሮ ሆርሞኑ ይህን ያህል ትኩረት ያገኝ እንደነበር እጠራጠራለሁ። ክብደት በመቀነስ ረገድ ግን የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሌለበት ያነሰ ይጠቀማል፦ በሰማግሉታይድ የስኳር ሕመም የሌለባቸው በ68 ሳምንት ከመቶ 15 ገደማ ሲቀንሱ ያለባቸው የቀነሱት ከመቶ 9.6 ነበር፤ በቲርዜፓታይድ ከፍተኛ መጠን በ72 ሳምንት ከመቶ 20.9 እና 14.7 ናቸው። ባይፓስ ብዙ ጊዜ ከመቶ 25 እና ከዚያ በላይ ያስቀንሳል። መርፌው ሲቆም ደግሞ የወረደው ክብደት ይመለሳል፤ ሰማግሉታይድን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው አግኝተውታል።

ስለዚህ መርፌው ቀዶ ሕክምናውን ከጨዋታ ውጪ አድርጎታል የሚለው አነጋገር የቸኮለ ነው። ቢኤምአዩ 31 ለሆነ፣ ሕመሙ በቅርቡ ለጀመረው ሰው መርፌው ምናልባት ቀዳሚው ምርጫ ይሆናል፤ ቢኤምአዩ 45 ለሆነ ሰው መርፌው ብቻውን የሚበቃ አይመስልም፤ በመሃል ላሉት ሁለቱን ተከታትለው የሚጠቀሙበት አሠራር እየተሞከረ ነው። በሁለቱ መካከል በዕጣ የተደረገ ረጅም ንጽጽር እስኪወጣ ድረስ፣ መርፌ እየወሰደ ስኳሩ ግብ ላይ ላልደረሰ ሰው የቀዶ ሕክምናው አማራጭ ዓመታት ሳያልፉ እንዲነገረው ማድረግ ይቻላል።

ስኳሩ የረገበለት ሰው ደግሞ ከስኳር ክሊኒኩ መዝገብ ሲወጣ ይታያል፤ መድኃኒት ስለማይወስድ ቀጠሮ አይሰጠውም፣ እርሱም ድኛለሁ ብሎ አይመጣም። የ2021ዱ ስምምነት ግን የሦስት ወር ስኳሩ ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲለካ፣ የዓይን፣ የኩላሊትና የእግር ምርመራውም እንደማንኛውም የስኳር ታካሚ እንዲቀጥል ያዝዛል። በተለይ ዓይኑ ቀድሞ የተጎዳ ሰው ስኳሩ በድንገት ሲወርድ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጉዳቱ ሊባባስበት ስለሚችል የዓይን ምርመራው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተደርጎ በኋላም ሳይዘገይ መደገም አለበት።